ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም

እናቴ በሕይወት ሳለች፣ «አንቺ ልጅ፣ መቀመጫሽ ላይ እሾህ አለ እንዴ?» ትለኝ ነበር። እሾህስ አልነበረም። ተፈጥሮዬ ነው፤ አርፎ መቀመጥ አላውቅበትም። ስልክ ሳናግር እንጎራደዳለሁ። ሰው ቤት ስሄድ «ኧረ ቁጭ በይ!» እስኪሉኝ በር ላይ እቆማለሁ። ሜሪላንድ ካለው ሲልቨር ስፕሪንግ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ለሥራ በተመላለስኩባቸው ዓመታት ሁሉ፣ በቀዩ ባቡር ዋሽንግተን መሃል ከተማ ገብቼ፣ እዚያ ወደ ቢጫው ቀይሬ ወንዙን ስሻገር፣ ባዶ ወንበር ሞልቶ እኔ ብረቱን ጨብጬ ነበር የምቆመው።

በዚያ ላይ ጊዜው ራሱ አያስቀምጥም ነበር። እንደ ፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥርን ያለፍንባቸው ዓመታት ናቸው። የሥራ ፈቃዴ የታሰረው በአንዲት ትንሽ ቢሮ ነው፤ ግሪን ካርዱንም ያስጀመረልኝ ያው ቢሮ ነው። ነገሩ ደግሞ እንደ ቀንድ አውጣ ይጎተታል። ሳያልቅ ሥራዬ ከቆመ ሁሉም ከዜሮ ይጀመራል። ከዜሮም አይደለም፣ እቃሽን ጠቅልለሽ ሂጂ ነው። ልጄ እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልዳ እዚያው ትምህርት ቤት የገባች፣ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። እሷን ይዤ የት እንደምገባ አላውቅም ነበር። እንግዲህ እንዳይቆም ያን ያህል የምፈራለት ሥራ ምን እንደነበረ ልንገራችሁ።

ድንች ነው። እየቀለድኩ አይደለም።

ቢሮአችን በየአገሩ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎችን ያገናኛል። በእኔ እጅ የነበረው ፕሮጀክት አንድ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲና አንድ የቻይና የምርምር ተቋም በድንች በሽታ ላይ አብረው እንዲሠሩ ማዋዋል ነበር። ገንዘቡን የሚሰጠው አሜሪካዊ ፋውንዴሽን ስለሆነ ነው ጉዳዩ አሌክሳንድሪያ የመጣው። ለሙሽራውም ለሙሽሪትም ወገን ሩቅ በሆነ ሰፈር አዳራሽ ተከራይቶ እንደሚደገስ ሰርግ ማለት ነው። መጀመሪያ ሰሞን ለጋሼ ስነግራቸው፣ «ለድንች ብሎ ውቅያኖስ የሚሻገር ሰው አለ?» ብለው ሳቁብኝ።

ጋሼ የእናቴ የአክስት ልጅ ናቸው። አገር ቤት ርዕሰ መምህር ነበሩ፤ ያኔ ግን ስፕሪንግፊልድ ከልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ሥራ ባይኖራቸውም ሥራ ፈትተው አያውቁም። ከሜሪላንድ እስከ ቨርጂኒያ የተጣላ ባልና ሚስት፣ የተኳረፈ ሸሪክ፣ ልጅ የሚጠየቅበት ቤት ካለ ጋሼ እዚያ ናቸው። ረጅም፣ ኩሩ፣ ትንሽም ጉረኛ ቢጤ ናቸው። «እኔ ገብቼበት ሳይታረቅ የቀረ የለም» ይላሉ። የቀረ አለ፤ አንድ ሁለቱን እኔም አውቃለሁ።

ወደ ድንቹ ልመለስ። የእንግሊዞቹ መሪ ቀጭን፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ ጨዋ ሰው ነው። የቻይናዎቹ መሪ ስድሳን የተሻገረች፣ አጠር ያለች፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ፈገግታዋ ቁጥብ የሆነ ፕሮፌሰር ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ ውሉን አረቀቅን፣ አስተካከልን፣ እንደገና አረቀቅን። እኛ ስንነቃ ቻይና ሊተኛ ስለሆነ ሁለቱን በአንድ ስልክ ለማገናኘት ያለችን ሰዓት ማለዳ ናት። እኔ ገመዱ እስከፈቀደልኝ ድረስ በቢሮው ውስጥ እየተንጎራደድኩ እሰማለሁ። እንግሊዙ አንድ ነገር ካልተዋጠለት «እጅግ ደስ የሚል ሐሳብ ነው» ይላል። እሷ ካልተዋጠላት «እናየዋለን» ትላለች። አለቃዬ ደግ አሜሪካዊ ነው፣ እግዜር ይስጠውና ሁለቱንም ያምናል። «ግሬት ሚቲንግ!» ይለኛል ስልኩ ሲዘጋ፣ ካሮቱን እየቆረጠመ። እኔ ደግሞ መንጎራደዴን እቀጥላለሁ። እኛ ጋ «እሺ» አርባ ዓይነት እንደሆነ እያወቅኩ ነው ያደግኩት። የእነዚህ የሁለቱ እሺ እምቢ ነበር።

ሌላም ነገር ነበር። እንግሊዙ ለስብሰባ በመጣ ቁጥር በቆርቆሮ የታሸገ ብስኩት ይዞላት ይመጣል። ቆርቆሮው ያምራል፣ ክዳኑ ላይ ፈረሰኛ ወይም የአትክልት ስፍራ የተሳለበት ነው። እሷ በሁለት እጇ ትቀበላለች፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ ታመሰግናለች። አየር ማረፊያ ስሸኛት ደግሞ ሳትከፍተው አውጥታ ለእኔ ትሰጠኛለች። «ለልጅሽ» ትለኛለች። ልጄ ቀኑን ትቆጥር ጀመር። «ማሚ፣ ዌን ኢዝ ዘ ኩኪ ሌዲ ካሚንግ?» ትለኛለች። ባዶዎቹን ቆርቆሮዎች መስኮቷ ላይ ደርድራ የቀለም እርሳሶቿን ታስቀምጥባቸዋለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ አሌክሳንድሪያ ወንዝ ዳር አብረን ወጣ ብለን ሳለ፣ ከእንግሊዙ ጋር እንዴት እንደተዋወቁ ጠየቅኳት።

«ድሮ አንድ ሥራ አብረን ሠርተን ነበር» አለች።

«ታዲያ እንዴት ነበር?»

«ምንም አይደለም» አለችና ስለ ነፋሱ ማውራት ጀመረች።

እንዴት ነበር ለተባለ ሰው ምንም አይደለም ምን የሚሉት መልስ ነው? አክስቴ ትዝ አለችኝ። ለተዝካር አልጠራችኝም ብላ እህቷን ስንት ዘመን አኩርፋ ስትኖር፣ «ምን አድርጋሽ ነው?» ሲሏት፣ «ምንም! እሷ ደግሞ ምን ታደርገኛለች?» ነበር መልሷ። ይኸው ፊት ነው፣ ቁርጥ። የአክስቴን ፊት ቻይናዊት ላይ አየሁት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሼን ስፕሪንግፊልድ ሳደርሳቸው መኪና ውስጥ አጫወትኳቸው።

«ይቺ ሴትዮ ተቀይማለች» አሉ ገና ሳልጨርስ። «ውል አይደለም የሚያስፈልጋቸው፣ ሽማግሌ ነው።»

«ኧረ ጋሼ፣ ሳይንቲስቶች እኮ ናቸው።»

«ሳይንቲስት አይቀየምም ያለሽ ማነው?»

ሳቅኩ። ነገሩ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። ማክሰኞም ረቡዕም ባቡሩ ላይ ቆሜ እሱኑ ሳመነዥግ ሰነበትኩ።

ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ሁለቱም ወገን ክሪስታል ሲቲ አንድ ሆቴል ውስጥ ተገናኙ። የፋውንዴሽኑ ትዕግሥት አልቆ ነበር። የስብሰባው የመጨረሻ ቀን ሲቀር አለቃዬ ጠራኝ። ነገ ሳይስማሙ ከተለያዩ ፕሮጀክቱ ይዘጋል አለኝ፤ ዓይኔን ግን አላየኝም። «ያንቺንም ነገር... አይ ኖው» አለ። እኔም አውቃለሁ። ፕሮጀክቱ ከተዘጋ ሥራዬ የለም፣ ሥራዬ ከሌለ ግሪን ካርዱ የለም።

ከቢሮው ወጥቼ የጡቡን መንገድ ይዤ እስከ ወንዙ ወረድኩ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና ወረድኩ። ተረከዜ ጡቡ መሃል እየተሰነቀረ ሰው ዞሮ ያየኛል። በመጨረሻ ስልኬን አወጣሁና ለጋሼ ኮል አደረግኩላቸው።

«ጋሼ፣ ነገ ክሪስታል ሲቲ ይምጡልኝ። ሱፍዎን ለብሰው፣ ብቻዎን፣ እንደ እንግዳ። ከሴትየዋ ጋር ሻይ እንጠጣለን፣ እንዲያው ያጫውቷታል።»

«ገባኝ» አሉ።

ጋሼ ገባኝ ሲሉ መፍራት ነበረብኝ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሎቢው ውስጥ ቆሜ ስጠብቅ፣ የሚሽከረከረው በር ሦስት ሽማግሌ አወጣ። ሱፍ ለብሰዋል፤ በሱፉ ላይ ነጭ ጋቢ ደርበዋል፤ ጋሼ ከዘራ ይዘዋል። አንዱ ጓደኛቸው ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ናቸው። ሌላውን ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ እንጂ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

«ጋሼ! ብቻዎን አላልኩም?»

«ሽማግሌ ብቻውን ሲላክ አይተሽ ታውቂያለሽ? የት ነው ያሉት?»

«ስብሰባ ላይ ናቸው፣ አይገባም። ለምሳ እስኪወጡ...»

ማን ሊሰማኝ! ኮሪደሩን ተያያዙት። በሩ ላይ የድንች ሥዕል የለጠፍኩት እኔው ነኝ፣ ማንንም ሳይጠይቁ አገኙት።

አለቃዬ ከፋውንዴሽኑ ጋር በስልክ ለመነጋገር ወጥቶ ነበር። ሁለቱ ፕሮፌሰሮችና ረዳቶቻቸው በጠረጴዛው ግራና ቀኝ ተቀምጠው ወረቀት ያገላብጣሉ። ሦስት ጋቢ ለባሽ ሲገባባቸው ሁሉም ቀና አሉ። «የኮሚኒቲያችን ሽማግሌዎች ናቸው» አልኩ፤ ሌላ ምን ልበል? እንግሊዙ ወዲያው ተነስቶ ወንበር ሳበ፣ እንዲቀመጡም ለመናቸው።

ጋሼ ከዘራቸውን ምንጣፉ ላይ ተከሉ። በዚያ በርዕሰ መምህር እንግሊዝኛቸው እያንዳንዷን ቃል እየረገጡ፣ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ።

የእኛ ሰው ይህን ያውቀዋል። ልጃችሁን ለልጃችን ብሎ የሄደ ሽማግሌ ወንበር ቢሰጡት አይቀመጥም፣ ቆሞ ነው የሚለምነው። ባለቤቱም ሽማግሌ ገትሮ መዋል ስለማይሆንለት ይሰማል። እንግሊዝና ቻይና ይህን ከየት ያውቁታል? እኔ ያላሰብኩት ግን ሁለቱም ሽማግሌ ቆሞ እነሱ መቀመጥ እንደማይችሉበት ነው። እንግሊዙ እንደቆመ ቀረ። ፕሮፌሰሯ ጉልበቷን ይዛ ተነሳች። ረዳቶቹም አንድ በአንድ ተነሱ። ዕድሜ ልኬን ሰው ተቀምጦ እኔ ስቆም ኖሬ፣ ያን ቀን አገር ሁሉ ከእኔ ጋር ቆመ።

ጋሼ ወደ እሷ ዞሩ። «እመቤቴ፣ ይህ ሰው ምን በድሎዎት ነው?»

የጋቢያቸውን ጫፍ ጎተትኩ። እጄን መታ አደረጉት።

 ሦስተኛው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሦስት ዓመት ስለ አንቀጹ፣ ስለ ናሙናው፣ ስለ ፊርማው ጠይቀናታል፤ ይህን ግን ጠይቀናት አናውቅም። ጋሼን ትኩር ብላ አየቻቸው። አሁን «እናየዋለን» ልትል ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«ድንቹን የለቀምኩት እኔ ነኝ» አለች። «ተራራ ላይ፣ በዝናብ፣ ከተማሪዎቼ ጋር በእግር። የታመመውን ቅጠል አንድ በአንድ። በሣጥን አድርጌ በእጄ ሰጠሁት። ጽሑፉ ሲወጣ ስሜን ፈለግኩ። መጨረሻው ላይ ምስጋናው ውስጥ ነበር። ጠርሙስ የሚያጥበው ሰው እንኳን ቀድሞኛል።»

የእንግሊዙ ፊት በርበሬ መሰለ። «እሱ እኮ፣ አዘጋጆቹ በዚያን ጊዜ...» ብሎ ጀመረ።

ጋሼ ከዘራቸውን አነሱ። «ምክንያት አልተጠየቁም። አድርገዋል ወይስ አላደረጉም?»

ሰውዬው ጠረጴዛውን አየ፣ ጣሪያውን አየ። «አድርጌያለሁ» አለ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ቀጠለ። «ወጣት ነበርኩ፣ ቸኩዬም ነበር። በኋላ አፍሬ እንዴት ብዬ እንደማነሳው ጠፋኝ። ስለዚህ ብስኩት ሳመጣላት ኖርኩ።»

እኔ ልሙት! ያ ሁሉ ቆርቆሮ ይቅርታ ነው ለካ! በየዓመቱ ውቅያኖስ እያሻገረ ያመጣውን ይቅርታ ልጄ ሲልቨር ስፕሪንግ ቁጭ ብላ ከወተት ጋር ስትበላው ኖራለች። ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣብኝና አፌን በእጄ ያዝኩ። ፕሮፌሰሯ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። እሷም ያሰበችው ያንኑ እንደነበረ ከዓይኗ አወቅኩ።

ጋሼ ያለ ካሳ አያስታርቁም። በአዲሱ ውል የእሷ ተቋም ስም እንዲቀድም፣ ለድሮውም ጽሑፍ እንግሊዙ ራሱ እርማት ጽፎ እንዲያወጣ ፈረዱ። እንግሊዙ «እጅግ ደስ የሚል...» ሊል አፉን ከፍቶ ነበር፤ ከዘራውን አየና «እሺ» አለ። ከአርባዎቹ እሺዎች መካከል እኔ ስጠብቀው የኖርኩት እሱ ነበር። ተጨባበጡ። ጋሼ በአማርኛ ረጅም ምርቃት መረቁ። «ድንቹን ከበሽታ፣ እናንተን ከቂም ይጠብቃችሁ!» ሲሉ እኔ በዓይኔ እየጠቀስኩ «አሜን በሉ» አልኩ። እንግሊዝና ቻይና በአንድ አፍ አሜን አሉ። የተቀመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

አለቃዬ ሲመለስ ሦስት ጋቢ የለበሱ ሰዎች ሳንድዊች ይበላሉ፤ ውሉ ላይ የቀረ ክርክር የለም። የዚያ ዓመቱ ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል።

«ዋት ሃፕንድ?» አለኝ።

«የባህል ፕሮግራም ነበር» አልኩት። «አልቋል።»

ማታ ልጄ ቦርሳዬን በርብራ፣ «ኖ ኩኪስ?» አለችኝ። «ታርቀው በሉት» አልኳት። አልገባትም፣ አኮረፈችኝ።

እዚያ ላይ ቢያልቅ ምን ነበረበት! አላለቀም። የታረቀ ሰው ሽማግሌውን ምን ያደርገዋል? ክረምቱን ሁለቱ በቀጥታ መደዋወል ጀመሩ። በእኔ በኩል ካልሆነ ሰላም የማይባባሉ የነበሩ ሰዎች ኢሜይል ሲጻጻፉ ለእኔም ግልባጭ መላኩን፣ ሲሲ ማድረጉን እንኳን ተዉት። ማለዳ ስልኩ አጠገብ ቆሜ እጠብቃለሁ፣ አይጮህም። ፋውንዴሽኑም ይህን ያህል ከተግባቡ መሃል ላይ የሌላ ቢሮ ምን ያደርጋል አለ። በፀደይ ይፈራረማሉ፤ ከፊርማው በኋላ የእኛ ድርሻ ያበቃል። «ይሄ እኮ ለእኛ ትልቅ ስኬት ነው» አለኝ አለቃዬ፤ ፊቱ ግን የለቅሶ ቤት ፊት ነበር። ካሮቱን እንኳን አልነካውም።

በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት። ሳይታረቁ ብተዋቸው ሥራው ይዘጋል፤ ባስታርቃቸው ሥራው አያስፈልግም። ተናደድኩ። በማን እንደምናደድ ግን አላውቅም፤ ክፉ የሠራብኝ ሰው የለማ! ለዚህም ነው መግቢያ ያጣሁት። ከመኝታ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን ኩሽና ስል የታች ጎረቤቴ ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ደበደበ።

«ማሚ፣ ካን ዩ ጀስት ሲት?» አለችኝ ልጄ።

«ሲት ማድረግ ብችልማ እናቴ ትመርቀኝ ነበር» አልኳት።

ጋሼ ሲሰሙ ሥር ሥሬ ይሉ ጀመር። «አለቃሽም ጋ ሄደን እንቆማለን። ሰው ነው፣ ይሰማል።»

«ጋሼ፣ እሱ ሽማግሌ ቢቆምበት ወንበሩ የተሰበረ ነው የሚመስለው። ደግሞም ነገሩ በእሱ እጅ አይደለም። በማንም እጅ አይደለም።»

«እስቲ ይሁን» አሉ። ጋሼ እስቲ ይሁን ብለው ነገር ሲተዉ ሰምቼ ስለማላውቅ ይበልጥ ፈራሁ።

ቼሪው ባበበ ሰሞን፣ በፊርማው ዋዜማ፣ ፕሮፌሰሯን ከአየር ማረፊያ ተቀበልኳት። መኪናው ውስጥ ጉልበቷን እያሻሸች ስለ ልጄ ጠየቀችኝ። ቅጠሉ ሲረግፍ ተመልሳ ስትመጣ አይታት መሄድ ትፈልጋለች።

«ያኔ እንኳን እዚህ አልኖርም ይሆናል» አልኳት።

«ለምን?»

«ምንም አይደለም» አልኩና ስለ ነፋሱ ማውራት ጀመርኩ። እውነት ለመናገር ነፋስ ነበር።

 ቀይ መብራት ላይ ስንቆም ወደ እኔ ዞራ፣ እንደ ጋሼ እያንዳንዷን ቃል እየረገጠች፣ «ምን በደሉሽ?» አለችኝ።

«ማንም አልበደለኝም» አልኳት። ከዚያ ዘረገፍኩት። ቢሮውን፣ ግሪን ካርዱን፣ ልጄን፣ ስልኩ ዝም ማለቱን፣ ሲሲ ማድረጉን ተዋችሁኝ ብዬ መከፋቴን ሳይቀር። ለጋሼ እንኳን እንዲህ አድርጌ አልነገርኳቸውም። ከኋላችን ጥሩምባ ተነፋብን፤ ለካ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ነበር። ሆቴሉ በር ላይ ስንደርስ ሻንጣዋን ተቀብላኝ፣ «እናየዋለን» አለች።

እናየዋለን!  የእሷን እናየዋለን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ፊርማው ያው ክሪስታል ሲቲ፣ ያው ሆቴል ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ትንንሽ ባንዲራና ሁለት እስክሪብቶ ተቀምጧል። ፎቶ አንሺ አለ። ከፋውንዴሽኑ የመጣችው ሴት አውሮፕላን ስላለባት ሻንጣዋን በሩ ላይ አቁማለች። እኔ እንደ ልማዴ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜያለሁ። አለቃዬ ንግግሩን ጨርሶ ወደ ወንበሮቹ ጋበዛቸው። እንግሊዙ ወንበሩን ሳበና ጎንበስ አለ። ፕሮፌሰሯ አልተቀመጠችም።

ያን ጉልበት አውቀዋለሁ። ትንሽ ሲቆሙበት እንደሚያነክስ አውቃለሁ። እጇን የወንበሩ መደገፊያ ላይ አሳርፋ ቆመች። እንግሊዙ ከጎነበሰበት ቀና ብሎ አያት። ኮቱን ቆለፈና ቀጥ ብሎ ቆመ። ረዳቶቹ ተነሱ። አለቃዬ ወደ እኔ መጥቶ በጆሮዬ፣ «ወንበሩ ተሰብሯል እንዴ?» አለኝ።

«ጉዳይ አለኝ» አለች ፕሮፌሰሯ። «ሳይሰማ አልቀመጥም።»

የፋውንዴሽኗ ሴት ሳታስበው ተነሳች።

«እኔና እሱ ታርቀናል። ሥራው ረጅም ነውና ደግሞ እንጣላለን። ያን ጊዜ ምን በደለሽ ብሎ የሚጠይቀኝ ማን ነው? ውሉ ውስጥ ፈለግኩ፣ የለም። ይህ ቢሮና ይህች ሴት ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ውሉ ውስጥ ይግቡ።»

የፋውንዴሽኗ ሴት ሰዓቷን አየች። ሐሳቡ በጣም ጥሩ እንደሆነ፣ ተመልሳ ከባልደረቦቿ ጋር እንደሚያዩት ተናገረች።

«አይሆንም» አለች ፕሮፌሰሯ። «እናየዋለን የምለው እኔ ነኝ። ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።»

እንግሊዙን ሳቁ አመለጠው። ሴትየዋም ሳቀች፤ ሻንጣዋን አየች፣ የቆመውን ሰው ሁሉ አየች፣ ስልኳን ይዛ ወጣች። ማንም አልተቀመጠም። ፎቶ አንሺው እንኳን ካሜራውን አንጠልጥሎ በአንድ እግሩ እየቆመ ይጠብቃል። ፕሮፌሰሯ ክብደቷን ወደ ደህናው እግሯ አዞረች። እንግሊዙ ክንዱን ዘረጋላት፣ ያዘችው። ሴትየዋ ተመልሳ ገባችና «እሺ» አለች። ውሉ ላይ በእጅ ተጻፈ። በጎኑም ሁለቱ ፈረሙበት፣ እሷ ቀድማ።

አለቃዬ ስሜን እየጠራ ወደ ፊት ነይ ይለኛል። መነሳት አልቻልኩም። ሳላስበው ከግድግዳው ጥግ አንዱ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ የተቀመጥኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ስወጣ ፕሮፌሰሯ አንድ ብስኩት በሶፍት ጠቅልላ እጄ ላይ አኖረች። «ለልጅሽ» አለች።  ውጭ እንደወጣሁ ለጋሼ ደወልኩ።

«ቆመች?» አሉ። «ጎሽ! ብቻዋን?»

«እንግሊዙም ቆመ።»

«ሁለት። ሦስተኛውስ? ሽማግሌ እኮ ሦስት ነው።»

«ሁሉም ቆመ፣ ጋሼ። የተቀመጥኩት እኔ ብቻ ነኝ።»

 «አንቺማ ባለጉዳይ ነሽ» አሉ። «ባለጉዳይ አይቆምም፤ የሚቆምለት ሰው ሲያገኝ ቁጭ ይላል። በቃ፣ አሁን ቁጭ በይ ልጄ።»

መንገድ ዳር አግዳሚ ነበር። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ጮክ ብዬ፣ የቢሮ ሰው ምሳውን ይዞ በፊቴ እያለፈ። ጋሼ ስልኩን አልዘጉም።

«ጨረስሽ?» አሉኝ ዝም ስል።

«ጨረስኩ።»

«እንግዲህ ወደ ልጅሽ ሂጂ።»

ወደ ጣቢያው ወረድኩ። ቢጫው ባቡር ሲመጣ ገባሁና ብስኩቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።